ባጃጁ ከህንድ፣ ዲዛየሩስ ከየት?

ባለፈው እትም አራት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2025 ነሐሴ ላይ ቶኪዮ ሄደው፣ ከያኔው የጃፓን አቻቸው ከሺጌሩ ኢሺባ ጋር የጸጥታ ትብብር መግለጫ አወጡ፣ ሁለቱ ወዳጅ ዲሞክራሲዎችም ተቀራረቡ የሚል ነው። ከዚያ ደብዳቤው ጎረፈ። ስለ ሐይቁ ዓሣ ዋጋ ስጽፍ እንኳን ይህን ያህል ሰው አልጻፈልኝም። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለሁለቱ አገሮች ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ሰላም ነዎት? ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ አሞራ ገደል ባጃጅ እሠራለሁ። እርስዎ የጻፉትን አንድ ተሳፋሪ ጮክ ብሎ አነበበና "ይሄ ሁሉ ቻይናን ለመክበብ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው" አለ። ሌላኛው ደግሞ "ጃፓን ሀብታም፣ ህንድ ድሃ፤ ምን አገናኛቸው?" አለው። ክርክሩ ሳያልቅ ደረስን። እኔ ዝም ብዬ ሒሳቤን ተቀበልኩ። የማናቸው ነው ልክ?

መልስ፦ ዝም ብለህ ሒሳብህን መቀበልህ ጥሩ ዲፕሎማት ይወጣሃል ያሰኛል። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ግማሹን አግኝቶታል። ቻይና አለችበት፣ አንሸፋፍነውም። ግን ወዳጅነቱ የተጀመረው ቻይና ጃፓንንም ህንድንም በማታሰጋበት ዘመን ነው።

በጦርነቱ ጊዜ የቶኪዮው ኡዌኖ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖቹን በረሃብ ገድሏቸዋል። ከተማው በቦምብ ቢመታ አምልጠው ሰው ላይ ይወጣሉ ተብሎ ተፈርቶ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የቶኪዮ ልጆች ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለጃዋሃርላል ኔህሩ "ዝሆን ይላኩልን" ብለው ጻፉ። ኔህሩ በ1949 አንዲት ዝሆን ላኩላቸው። ስሟንም በልጃቸው ስም ኢንዲራ አሏት። ጃፓን ያኔ የተሸነፈች፣ የአሜሪካ ጦር የሰፈረባት፣ ሰው የሚበላው ያጣባት አገር ናት። ያን ጊዜ ደግ የሚናገርላት አልነበራትም።

ዝሆኗን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1951 ብዙ አገሮች ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጃፓን ጋር የሰላም ውል ሲፈርሙ ህንድ አልሄደችም። ጃፓን እንደ ሌሎቹ ነጻ አገሮች በክብር መታየት አለባት ብላ፣ በ1952 ለብቻዋ ተዋዋለች። የጦር ካሳ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ተወችው። ጃፓን ደግሞ በ1958 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ አገር በራሷ ገንዘብ በየን የልማት ብድር ስትሰጥ፣ ተበዳሪዋ ህንድ ነበረች። ያኔ ጃፓን ራሷ ገና ከዓለም ባንክ የምትበደር አገር ናት። እና "ሀብታምና ድሃ ምን አገናኛቸው?" ለሚለው ሁለተኛው ተሳፋሪህ መልሱ ይኸው ነው። ሲጀመር ሁለቱም ሀብታም አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ወዳጅነቱ ለብ ብሎ ቆየ። ጃፓን ከዋሽንግተን ጋር ነበረች። ህንድ "ከማንም ወገን አይደለሁም" ብትልም በ1971 ከሞስኮ ጋር ውል ፈርማለች። በዚያ መሐል ነገሩን ያሞቀው ፖለቲከኛ ሳይሆን መኪና ሠሪ ነው። ሱዙኪ በ1982 ማሩቲ ከተባለው የህንድ መንግሥት ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። የመጀመሪያዋ መኪና በ1983 ታኅሣሥ ወጣች። ቁልፉን ለገዢው ያስረከቡት የኔህሩ ልጅ፣ የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ናቸው። ሰውየዋን እንጂ ዝሆኗን አይደለም የምለው። ሱዙኪ ያኔ በገዛ አገሩ ከቶዮታና ከኒሳን ተርታ የሚቆጠር አልነበረም። ህንድ ውስጥ ግን ገበያውን ጠቅልሎ ያዘው። ዛሬ ሐዋሳ ላይ ደንበኛ የሚሻማህ የሱዙኪ ዲዛየር የጃፓን ስም ይዞ ህንድ የተሠራ ነው። ባጃጅህ ደግሞ ከስሙ ጀምሮ የህንድ ነው። ተፎካካሪህም ያገርህ ልጅ ነው ብለህ ተጽናና።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። በ1998 ግንቦት ህንድ የኑክሌር ቦምብ ሞከረች። ሂሮሺማና ናጋሳኪ የተቃጠሉባት አገር ይህን በዝምታ አታልፍም። ጃፓን አዲስ ብድርና ዕርዳታ አቆመች። እገዳው ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። የሚገርመው ግን እገዳው ሳይነሳ፣ በ2000 ነሐሴ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ዮሺሮ ሞሪ ደልሂ ሄደው ከህንዱ አቻቸው ከአታል ቢሃሪ ቫጅፓዬ ጋር አዲስ አጋርነት አወጁ። ቅጣቱ እንዳለ፣ ንግግሩም ቀጠለ። እኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ጉዞ ይህ ነው። ባንዲራ የበዛባቸው የኋለኞቹ ጉብኝቶች የተሠሩት በዚህ ላይ ነው።

ስለ ቻይና ልጨርስልህ። ጃፓን ከቻይና ጋር በደሴቶች ይጨቃጨቃሉ። ህንድ ከቻይና ጋር ረጅምና ያልተካለለ ድንበር አላት። በ2020 ሰኔ ጋልዋን በተባለው ሸለቆ በተነሳ ግጭት 20 የህንድ ወታደሮች ሞተዋል። ጃፓን ነዳጇን በአብዛኛው የምታመጣው ከመካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ መርከቦቿ በህንድ ደጅ ያልፋሉ። ስለዚህ ሥጋቱ የጋራ ነው። ግን ለተሳፋሪህ ይህንንም ንገርልኝ፦ ሁለቱም ከቻይና ጋር የሚነግዱት እርስ በርስ ከሚነግዱት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትልቁን ደንበኛውን ከቦ የሚኖር ነጋዴ የለም። እነሱ የሚፈልጉት ቻይና ብቻዋን የባሕሩ አዛዥ እንዳትሆን ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ፖለቲካል ሳይንስ። ፈተና ላይ "ልዩ ስትራቴጂያዊና ዓለም አቀፋዊ አጋርነት" የሚለውን ሸምድጄ ጻፍኩ። መምህሩ ከጎኑ "ይዘቱስ?" ብሎ ግማሽ ማርክ ቆረጠብኝ። ይዘቱ ምንድን ነው ግን?

መልስ፦ መምህርህን አመስግነው። ስሙ በየጊዜው እየረዘመ ነው የመጣው። በ2000 ዓለም አቀፋዊ፣ በ2006 ስትራቴጂያዊ ተጨመረበት፣ በ2014 ደግሞ ልዩ። ቅጽል መጨመር ወጪ የለውም። አንተ ቀጠሮውን፣ ውሉንና ገንዘቡን ተመልከት።

ቀጠሮው ይህ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ በየዓመቱ ለመገናኘት ተስማምተዋል፤ አንዴ በህንድ፣ አንዴ በጃፓን። ከ2019 ወዲህ ደግሞ የውጭ ጉዳይና የመከላከያ ሚኒስትሮቹ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ይህ አሰልቺ ይመስላል። ግን መሪ ሊመጣ ነው ሲባል በየቢሮው የተኛው ፋይል ይነሳል። እኛ ከተማ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ሲል አስፋልቱ የሚጠገነው ለምን ይመስልሃል? ቀጠሮው ተዛንፎም ያውቃል። በ2019 ታኅሣሥ በህንዷ ጉዋሃቲ ከተማ ሊደረግ የነበረው ስብሰባ ህንድ ባወጣችው የዜግነት ሕግ በተነሳው ተቃውሞ ምክንያት ቀረ። ቀጥሎ ኮቪድ መጣ። መሪዎቹ ለዓመታዊው ስብሰባ ፊት ለፊት የተቀመጡት በ2022 መጋቢት ነው።

ውሉን በተመለከተ፣ ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ የማታገኘውን ልንገርህ። በ2020 መስከረም ሁለቱ አገሮች የስንቅና ትጥቅ አቅርቦት ውል ፈረሙ። በ2021 ሐምሌ ሥራ ላይ ዋለ። የጃፓን የጦር መርከብ ህንድ ወደብ ገብቶ ነዳጅ፣ ውሃና ምግብ ይወስዳል። የህንዱም እንዲሁ ጃፓን ላይ። ሒሳቡ በኋላ ይወራረዳል። አለቀ። የሚያጨበጭብለት የለም፤ ግን መርከብ ከአገሩ ርቆ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ይህ ነው። ሁለቱ ባሕር ኃይሎች ከ2012 ጀምሮ አብረው ይለማመዳሉ። በ2023 ጥር ደግሞ የህንድ ተዋጊ ጄቶች ጃፓን ድረስ ሄደው ሂያኩሪ ከሚባል የአየር ኃይል ሰፈር ተነስተው አብረው በረሩ።

ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ወፍራሙ ነገር እዚህ ነው። የደልሂ ሜትሮ በ2002 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ምዕራፍ ከግማሽ በላይ ወጪው የጃፓን ብድር ነበር። ከዚያ ትልቁ መጣ። በ2017 መስከረም ሞዲና የያኔው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ አህመዳባድ ላይ የፈጣን ባቡር መሠረት ድንጋይ አኖሩ። መስመሩ ከሙምባይ አህመዳባድ 508 ኪሎ ሜትር ነው። ከወጪው አብዛኛውን የሚሸፍነው የጃፓን ብድር ነው። ወለዱ 0.1 በመቶ። መክፈያው 50 ዓመት። የመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ክፍያ የለም። የኮንዶሚኒየም ዕዳ የምትከፍሉ አንባቢዎች ይህችን መስመር ዝለሏት።

ደግሞ ጃፓን ጻድቅ ናት አልልህም። ባቡሩ በጃፓን ሺንካንሰን ቴክኖሎጂ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከብድሩ ብዙው ዞሮ ለጃፓን ኩባንያዎች ሥራ ይሆናል። ብድሩም በየን ነው። የህንዱ ገንዘብ የሩፒ ምንዛሪ ከወደቀ ዕዳው በሩፒ ሲታይ ያብጣል። ምንዛሪ ሲወድቅ ዕዳ ምን እንደሚሆን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ፈተናው ላይ ያልሆነውንም ጻፍ። መምህርህ የሚወደው ያንን ነው። ጃፓን ዩኤስ-2 የሚባል ባሕር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ለህንድ ለመሸጥ ለዓመታት ስትደራደር ኖራለች። ከ2013 ጀምሮ በየመግለጫው ስሙ ይነሳ ነበር። ዋጋው ከበደ፣ አንድም አልተሸጠም። ከዚያ ስሙም እየጠፋ ሄደ። መግለጫ ስታነብ እንዲህ ነው፤ የዘንድሮውን ከአምናው ጎን አስቀምጠህ የጠፋውን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ጃፓን ሄደው ነበር ይባላል። እውነት ነው ወይስ የቡና ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1956 ኅዳር ሄደዋል። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን በመንግሥት እንግድነት የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው ርዕሰ ብሔር እሳቸው ናቸው። በዚያው ጉዞ ህንድንም ጎብኝተዋል። ከዚያም በፊት፣ የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ታይቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በዚያው ዓመት ጃፓን ሄደዋል። ከህንድ በኩል ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚን ያደራጁትና ያሠለጠኑት የህንድ መኮንኖች ነበሩ። ትምህርት ቤቶቻችን በህንድ መምህራን የተሞሉ ነበሩ። የኔም የፊዚክስ አስተማሪ ህንዳዊ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ በቀኝ እጃቸው እየጻፉ በግራቸው ያጠፉ ነበር። የደረስክበትን ቀድተህ ካልያዝክ ሌላ ዕድል የለህም። ፈጥኖ መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለቱ አገሮች እንዲህ ከተዋደዱ በሩሲያ ጉዳይ ለምን ተለያዩ? ወንድሜ "ይሄ ወዳጅነት ሳይሆን ማስመሰል ነው" ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ቀኖቹን ተከትለሽ ነገሩን እዪው። በ2022 የካቲት መጨረሻ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። መጋቢት 2 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሰጠ። ጃፓን ሩሲያን የሚኮንነውን ውሳኔ ደገፈች። ህንድ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የኛ አገር በድምፅ አሰጣጡ አልተገኘችም። ጃፓን ማዕቀብ ጣለች፤ ህንድ ደግሞ በኋላ ከሩሲያ የምትገዛውን ነዳጅ እጅግ ጨመረች። ከዚህ በላይ መለያየት የለም።

በድምፁ በ17ኛው ቀን የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ፉሚዮ ኪሺዳ ደልሂ ገቡ። እዚያ ሆነው ጃፓን በአምስት ዓመት ውስጥ 5 ትሪሊዮን የን ህንድ ውስጥ ሥራ ላይ እንዲውል እንደምታደርግ ተናገሩ። በጋራ መግለጫው ስለ ዩክሬን ያላቸውን ሥጋት ጻፉ። ሩሲያ የሚል ቃል ግን ለወቀሳ አልገባም። ወንድምሽ ይህን ማስመሰል ሊለው ይችላል። እኔ አልለውም። የህንድ ጦር መሣሪያ በአብዛኛው የሩሲያ ሥሪት መሆኑን ኪሺዳ አሳምረው ያውቃሉ። መለዋወጫው የሚመጣውም ከዚያው ነው። ህንድን "ምረጪ" ብለው ቢያስጨንቋት ምን እንደምትመልስ ገምተውት ነው የሄዱት።

በንግድም እንዲሁ ተለያይተው ያውቃሉ። ህንድ በ2019 ኅዳር ከእስያው ትልቅ የነጻ ንግድ ስምምነት ድርድር ወጣች። ጃፓን እንድትመለስ ስትለምን ቆየች። አልሆነም። በ2020 ጃፓን ያለ ህንድ ፈረመች። ኩርፊያ ግን አልተከተለም፤ ያ የወታደራዊ አቅርቦቱ ውል የተፈረመውም በዚያው ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሦስት መንግሥት አይቻለሁ። "ሁለት ወዳጅ ዲሞክራሲዎች" ብለው መጻፍዎ አናደደኝ። ጃፓንን ሲገዛ የኖረው አንድ ፓርቲ ነው። ህንድ ጋዜጠኛ ታስራለች። ያገናኛቸው ጥቅም ነው፤ ዲሞክራሲ ጌጥ ነው። እንዲህ እያሉ ወጣቱን አያታልሉት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቁጣዎን ተቀብያለሁ፤ ግማሹም ልክ ነው። የጃፓኑ ሊበራል ዲሞክራቲክ ፓርቲ ከ1955 ወዲህ ከሥልጣን ውጭ የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ህንድም ጋዜጠኞች ታስራለች። ከ1975 እስከ 1977 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተቃዋሚዎቿን ወህኒ አጉራለች። ግን አዋጁን ያወጁት ኢንዲራ ጋንዲ በ1977 ምርጫ ጠርተው ተሸነፉ፣ ወረዱም። እንከን የሌለበት ዲሞክራሲ ብዬ አልጻፍኩም።

"ጌጥ ነው" ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ዲሞክራሲው የሚታየው በመግለጫው ላይ ሳይሆን በመጓተቱ ነው። የባቡሩን ነገር ይመልከቱ። መጀመሪያ ሲታሰብ በ2022 እና በ2023 አካባቢ ሊያልቅ ነበር። ዛሬም አላለቀም። በማሃራሽትራ ግዛት ገበሬዎች መሬታችንን አንሰጥም አሉ። ፍርድ ቤት ሄዱ። የግዛቱ መንግሥት በ2019 ሲቀየር አዲሶቹ ፕሮጀክቱን እንደገና እንመርምረው አሉ። በ2022 እነሱም ሲወርዱ ሥራው ፈጠነ። ጎረቤቷ ጉጃራት ውስጥ ግን ምሰሶዎቹ ቀድመው ቆሙ። አበዳሪዋ ጃፓን ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ምን ታድርግ? ገበሬውን የሚያስነሳላት ጌታ የለም።

በጃፓን በኩልም ያው ነው። ጃፓን ለህንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ቴክኖሎጂ እንድትሸጥ የሚፈቅደው የሲቪል ኑክሌር ውል በ2016 ኅዳር ተፈረመ። የሂሮሺማና የናጋሳኪ ከንቲባዎች ገና ድርድሩ ላይ እያለ ተቃውመውት ነበር። የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል ላልፈረመች አገር እንዴት እንሸጣለን ብለው። ፓርላማው ተከራከረበት፣ በ2017 አጸደቀው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ከሁሉም የሚበልጥብኝን ልንገርዎ። የዚህ የኑክሌር ውል ድርድር በ2010 ሲጀመር ጃፓንን የሚመራው ተቃዋሚ የነበረው ዲሞክራቲክ ፓርቲ ነበር። ህንድን የሚመራው ኮንግረስ። በ2016 ሲፈረም ጃፓን ወደ ሊበራል ዲሞክራቲክ ተመልሳለች፤ ህንድ ለሞዲ ፓርቲ ለቢጄፒ ተላልፋለች። አራት ፓርቲዎች ናቸው። የአገር ቤት ጠባቸው ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨረሰ። የጃፓኑ ዩኪዮ ሃቶያማ በ2009 ሥልጣን ከያዙ ወራት ሳይሞላቸው ደልሂ ተገኝተዋል። ሞዲም በ2014 ሲመረጡ ከአካባቢያቸው ውጭ ለሁለትዮሽ ጉብኝት መጀመሪያ የሄዱት ጃፓን ነው።

እርስዎ ሦስት መንግሥት ያዩ ሰው ነዎት። በ1977፣ በእኛ 1969፣ ደርግ አሜሪካኖቹን አስወጥቶ ወደ ሶቪየት ሲዞር የነበረውን ያስታውሱታል። ቤተ መንግሥቱ ሲቀየር ወዳጁም፣ መሣሪያውም፣ ተማሪ የሚላክበት አገርም አብሮ ተቀየረ። ሩሲያ ተምረው ሲመለሱ ዘመኑ የተገለበጠባቸውን ስንቱን እናውቃለን። ጥቅም አገናኛቸው ያሉት ልክ ነው። እነሱ ዘንድ ግን መንግሥት የሚቀየረው በግልበጣ ሳይሆን በምርጫ ነው፤ መንግሥቱ ሲወድቅም ጥቅሙ አብሮ አልወደቀም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽ ልዩነት አይመስለኝም።

ሰውም ቦታ አለው፣ ያንን አልክድም። አቤ በ2007 ነሐሴ በህንድ ፓርላማ ቆመው የህንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች አንድ ሆነው መታየት አለባቸው ብለው ተናገሩ። በወሩ ከሥልጣን ለቀቁ። በ2012 ሲመለሱ ከዚያው ንግግር ጀመሩ። በ2022 ሐምሌ ሲገደሉ ህንድ አንድ ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። ለውጭ አገር የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ይህ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። አለቃችን ህንዳዊ ነው። ጠዋት ጠዋት አሰልፎ ስለ ካይዘን ይነግረናል። ካይዘን የጃፓን ነው አሉ። ቲቸር፣ ሁለቱ አገሮች ቢዋደዱ ለእኔ ምን ይጨምርልኛል? ደሞዜንም ጽፌልዎታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደሞዝሽ ላይ አይጨምርም። እንደሱ ብዬ አላታልልሽም። የአንቺን ሥራ በቀጥታ የነካው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከ2022 ጥር ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ከቀረጥ ነጻ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት። ፓርኩን ጥለው የሄዱትን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ።

የካይዘኑን ነገር ግን ልንገርሽ፣ ወድጄዋለሁ። ካይዘን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ ማለት ነው፣ ወደ እኛ የመጣው በመንግሥት ጥያቄ ነው። መለስ ዜናዊ ጃፓኖችን ጠይቀው ሙከራው በ2009 ተጀመረ። በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የጃፓን ዘዴ፣ የህንድ አለቃ፣ የሐዋሳ ሠራተኛ። ዲፕሎማቶቹ ይህን ቢያዩ "የሦስትዮሽ ትብብር" ብለው መግለጫ ያወጡበት ነበር። በነገራችን ላይ ለማውጣት ሞክረዋል። በ2017 ግንቦት ህንድና ጃፓን "የእስያና አፍሪካ የዕድገት ኮሪደር" የሚባል ዕቅድ ጉጃራት ላይ ይፋ አደረጉ። የአፍሪካ ልማት ባንክ ዓመታዊ ስብሰባ እዚያ ነበር። ወደቡ፣ ፋብሪካው፣ ሥልጠናው ሁሉ ተወራ። ከዚያ ቀዘቀዘ። ገንዘቡን ማን፣ መቼ፣ በምን ወለድ እንደሚያወጣ የሚል ወረቀት አልተከተለም።

አንድ ጊዜ ደግሞ እነሱ ናቸው የእኛን እጅ የፈለጉት። በ2005 ህንድ፣ ጃፓን፣ ጀርመንና ብራዚል በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ለማግኘት አብረው ተነሱ። የአፍሪካ ድምፅ ሳይታከል አይሆንም። አፍሪካ ግን ለራሷ ሁለት ቋሚ መቀመጫ ድምፅን በድምፅ ከመሻር መብት ጋር ነበር የምትጠይቀው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አቋማቸውን አንለውጥም አሉ። ነገሩ እዚያው ቆመ። አራቱም አገሮች ዛሬም እየጠየቁ ነው፤ አፍሪካም እየጠየቀች ነው።

ስለ ደሞዝሽ የጻፍሽውን ሁለት ገጽ አንብቤዋለሁ። ለዚህ ዓምድ አልያዝኩትም። ስለ ሥራና ደመወዝ ለሚጽፈው ባልደረባዬ ስምሽን ሰርዤ ሰጥቼዋለሁ። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጉዳይ ላይ እየሠራ ስለሆነ ሳይጠቀምበት አይቀርም።